የአንድ ኩንታል ዱቄት ወጪ የት ይጀምራል? የምግብ ፋብሪካዎች የምርትና የሎጂስቲክስ ወጪ አቀናነስ

በመኸር ወቅት በአርሲ ወይም በባሌ ማሳ የታጨደ አንድ ኩንታል ስንዴ ዳቦ ወይም መኮሮኒ ሆኖ ለገበታ እስኪቀርብ ድረስ ደጋግሞ ይጫናል፤ ደጋግሞም ይራገፋል። ከገበሬው ጎተራ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወይም ወደ ነጋዴው መጋዘን፣ ከዚያ ወደ ከባድ ተሽከርካሪ፣ ከተሽከርካሪው ወደ ፋብሪካው መጋዘን ይጓዛል። ተፈጭቶ ዱቄት ከሆነ በኋላ ደግሞ ወደ አከፋፋዩና ወደ ዳቦ ጋጋሪው ጉዞው ይቀጥላል። በእያንዳንዱ እርምጃ የጫኝና አውራጅ፣ የነዳጅ፣ የመጋዘን፣ የመዘግየትና የብክነት ወጪ ይታከልበታል። ሸማቹ በመጨረሻ የሚከፍለው ዋጋ የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው።

የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች የምርትና የሎጂስቲክስ ወጪያቸውን መቀነስ ይችላሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይበልጥ ክብደት አግኝቷል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ከ58 ብር በታች የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መመንዘር ጀምሯል። ስንዴውን ከአገር ውስጥ የሚገዛ ፋብሪካ እንኳን ሮለሩን፣ ወንፊቱን፣ የማሸጊያ ጥሬ ዕቃውንና ዱቄቱ የሚበለጽግበትን የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ ከውጭ በሚመጣ ግብዓት ስለሚሸፍን የለውጡ ተጽዕኖ በቀጥታ ይደርሰዋል።

ፋብሪካው በዚህ ጊዜ ያሉት አማራጮች ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው የምርቱን ዋጋ መጨመር ሲሆን፣ ይህም የሸማቹን የመግዛት አቅም ይፈታተናል። ሁለተኛው ምርት መቀነስ ነው፤ ውጤቱም ሠራተኛ መቀነስ ይሆናል። ሦስተኛው አማራጭ በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ ያለ ጥቅም የሚጨመረውን ወጪ ለይቶ ማስወገድ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በሦስተኛው አማራጭ ላይ ሲሆን፣ የዱቄትና የፓስታ ፋብሪካዎችን በምሳሌነት ይወስዳል። በስሌቶቹ ውስጥ የተጠቀሱት የብር መጠኖች አሠራሩን ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ እንጂ የገበያውን ወቅታዊ ዋጋ የሚያመለክቱ አይደሉም።

ወጪው የሚገኝበት ስፍራ

የአንድ ፋብሪካ ወጪ በሁለት ይከፈላል። ተለዋዋጭ ወጪ የሚባለው ከምርቱ መጠን ጋር አብሮ የሚጨምርና የሚቀንስ ሲሆን፣ ስንዴ፣ ከረጢት፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና ትራንስፖርት በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ቋሚ ወጪ የሚባለው ደግሞ ፋብሪካው ቢሠራም ባይሠራም የሚከፈል ነው። የባንክ ብድር ወለድ፣ የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የኢንሹራንስ ክፍያና የማሽን እርጅና ተጠቃሽ ናቸው።

በዱቄት ፋብሪካ ከሁሉም የሚበልጠውን ድርሻ የሚይዘው የስንዴ ግዥ ነው። በመሆኑም ወጪ ለመቀነስ የተነሳ ሥራ አስኪያጅ የጽሕፈት መሣሪያና የመስተንግዶ ወጪን ከመቁጠሩ በፊት ከአንድ ኩንታል ስንዴ ምን ያህል ዱቄት እንደሚያገኝ ማወቅ ይኖርበታል። አንድ ኩንታል ንጹህ ስንዴ ሲፈጭ አብዛኛውን ጊዜ ከ75 እስከ 80 ኪሎ ግራም የሚደርስ ነጭ ዱቄት ይሰጣል፤ ቀሪው ፉርሽካና ሌላ ተረፈ ምርት ነው።

በቀን 1 ሺህ ኩንታል ስንዴ የሚፈጭ ፋብሪካ ሮለሮቹን በወቅቱ በመሳልና የተቀደደ ወንፊት በመቀየር የዱቄቱን ድርሻ ከ76 ወደ 77 በመቶ ቢያሳድግ፣ በየቀኑ 10 ኩንታል ተጨማሪ ዱቄት ያገኛል። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 3 ሺህ ኩንታል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ትርፉ የ3 ሺህ ኩንታል ዱቄት ሙሉ ዋጋ ነው ብሎ ማስላት ስህተት ይሆናል። ያ ምርት ቀደም ሲልም ፉርሽካ ሆኖ ለእንስሳት መኖ ይሸጥ ስለነበር፣ እውነተኛው ጥቅም በዱቄትና በፉርሽካ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የወጪ ቅነሳ ዕቅድ ተአማኒ የሚሆነው በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ሲሰላ ነው።

ግዥ፦ ዝቅተኛ ዋጋ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም

በጨረታ ሥርዓት ውስጥ ለሚሠራ ሠራተኛ ሁሉ «ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ተጫራች» የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው። የስንዴ ግዥ ይህ መመዘኛ ለብቻው በቂ አለመሆኑን በግልጽ ያሳያል።

ሁለት አቅራቢዎች ስንዴ አቀረቡ እንበል። የመጀመሪያው በኩንታል 5 ሺህ ብር ሲጠይቅ፣ ስንዴው 14 በመቶ እርጥበትና 4 በመቶ አፈር፣ ገለባና ሌላ ባዕድ ነገር አለው። ሁለተኛው 5 ሺህ 200 ብር ሲጠይቅ፣ የእርሱ ስንዴ 12 በመቶ እርጥበትና 1 በመቶ ባዕድ ነገር ይዟል። በዋጋ ብቻ ከተመዘነ አሸናፊው የመጀመሪያው ነው።

ከአንደኛው ኩንታል 4 ኪሎ ግራም ባዕድ ነገር ሲወጣ 96 ኪሎ ግራም ይቀራል። ከዚህ ውስጥ ውሃው ሲቀነስ ንጹህና ደረቅ የሆነው እህል 82 ነጥብ 6 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በሁለተኛው ኩንታል ውስጥ ግን ንጹህና ደረቅ የሆነው እህል 87 ነጥብ 1 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው አቅራቢ ስንዴ በኪሎ ግራም ከ60 ብር ከ50 ሳንቲም በላይ ሲያወጣ፣ የሁለተኛው ከ59 ብር ከ70 ሳንቲም በታች ነው። «ውድ» የተባለው ስንዴ በኪሎ ግራም ከ80 ሳንቲም በላይ ርካሽ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በዚያ ላይ አፈሩንና ውሃውን ከባሌ እስከ ፋብሪካው ለማጓጓዝ የሚከፈለው ሂሳብ ገና አልተቆጠረም።

የእርጥበቱ ጉዳይ ሌላም ትርጉም አለው። ስንዴ ከመፈጨቱ በፊት ውሃ ተርከፍክፎበት ለሰዓታት እንዲያድር ይደረጋል። ይህም ልጣጩ እንዲጠነክርና ከውስጡ ነጭ ክፍል በቀላሉ እንዲለይ ይረዳል። 12 በመቶ እርጥበት ያለውን አንድ ኩንታል ስንዴ ወደ 16 በመቶ ለማድረስ 4 ነጥብ 8 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። 14 በመቶ እርጥበት ያለው ግን የሚፈልገው 2 ነጥብ 4 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ደረቅ ስንዴ የገዛ ፋብሪካ አስፈላጊውን ውሃ በውሃ ዋጋ ያገኛል፤ እርጥብ ስንዴ የገዛው ደግሞ ውሃውን በስንዴ ዋጋ ይገዛል። ከዚህም በላይ እርጥበቱ ከፍተኛ የሆነ እህል በመጋዘን ውስጥ ለሻጋታና ለነቀዝ የተጋለጠ ነው።

ችግሩን ለመከላከል የሚያስፈልገው መሣሪያ ውስብስብ አይደለም። በመቀበያው በር ላይ የእርጥበት መለኪያ፣ የናሙና መውሰጃ ዘንግና የእጅ ወንፊት ማስቀመጥ፣ ዋጋውንም በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ መክፈል በቂ ነው። አሠራሩ ለአርሶ አደሩም ይጠቅማል። አድርቆና አበጥሮ ያመጣ ገበሬ ከሌላው የተሻለ ዋጋ እንደሚከፈለው ካወቀ በሚቀጥለው ዓመት ይበልጥ ይጠነቀቃል። ንጹሁም ቆሻሻውም በአንድ ዋጋ የሚገዛ ከሆነ ግን ለማበጠር የሚደክምበት ምክንያት አይኖረውም።

ግዥው መቼ ይፈጸም የሚለውም በስሌት የሚወሰን ነው። የመኸር ስንዴ በብዛት ወደ ገበያ በሚገባበት ወቅት ዋጋው ስለሚረጋጋ ብዙ ፋብሪካዎች የዓመቱን ፍጆታ በአንድ ጊዜ መግዛት ይመርጣሉ። ሆኖም 10 ሺህ ኩንታል በ5 ሺህ ብር ሂሳብ የገዛ ፋብሪካ 50 ሚሊዮን ብር በመጋዘን ያስቀምጣል። ገንዘቡ በ15 በመቶ ዓመታዊ ወለድ የተገኘ ከሆነ፣ በስድስት ወር ውስጥ 3 ሚሊዮን 750 ሺህ ብር ወይም በኩንታል 375 ብር ወለድ ይከፈልበታል። የመጋዘን ኪራይና የነቀዝ ጉዳት ሲጨመር ወጪው ከዚህም ያልፋል። አስቀድሞ መግዛት የሚያዋጣው የዋጋው ጭማሪ ከዚህ ድምር የሚበልጥ ሲሆን ብቻ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው የበጋ መስኖ ስንዴ ልማት ሁለተኛ የመኸር ወቅት ስለሚፈጥር፣ ግዥን በሁለት ከፍሎ የመፈጸም ዕድል ከፍቷል።

በፋብሪካው ውስጥ

የቋሚ ወጪን ክብደት የሚወስነው ፋብሪካው በምን ያህል አቅሙ እንደሚሠራ ነው። በወር 3 ሚሊዮን ብር ቋሚ ወጪ ያለበት ፋብሪካ 20 ሺህ ኩንታል ካመረተ በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ የሚያርፈው 150 ብር ነው። በግብዓት እጥረት፣ በኃይል መቆራረጥ ወይም በመለዋወጫ ዕጦት ምርቱ ወደ 10 ሺህ ኩንታል ቢወርድ ቋሚ ወጪው በኩንታል 300 ብር ይሆናል። አንድም ሠራተኛ ሳይጨመር፣ አንድም ተጨማሪ ዕቃ ሳይገዛ ወጪው በእጥፍ አደገ ማለት ነው። ስለዚህ ማሽን እንዳይቆም ማድረግ ከሁሉ የሚቀድም የወጪ ቅነሳ እርምጃ ነው።

በዚህ ረገድ አገሪቱ ልምድ ያገኘችበት አሠራር ካይዘን ነው። ያለማቋረጥ ማሻሻል የሚል ትርጉም ያለው ይህ የጃፓን የአመራር ፍልስፍና፣ ከ2002 እስከ 2003 ዓ.ም. በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ ድጋፍ ግብርና ምርቶችን የሚያቀነባብሩ ድርጅቶችን ጨምሮ በ30 ያህል ኩባንያዎች ተሞክሯል። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ሥራውን ያስፋፋ ሲሆን፣ ተቋሙ በኋላ የካይዘን ልህቀት ማዕከል ተብሎ ተዋቅሯል።

የካይዘን የመጀመሪያ ደረጃ «አምስቱ ማዎች» በሚል ይታወቃል። እነርሱም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ናቸው። በዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ትርጉማቸው ተጨባጭ ነው። የማይሠራው ሞተርና የተጣለው ቀበቶ ከሥራ ቦታ ሲነሳ ለዱቄት መደርደሪያ የሚሆን ስፍራ ይገኛል። እያንዳንዱ መፍቻና መለዋወጫ የራሱ ቦታ ሲኖረው፣ ማሽን ቆሞ መካኒኩ ዕቃ የሚፈልግበት ጊዜ ያጥራል። ወለሉ ሲጸዳ ዱቄት የሚፈስበት ቧንቧ የቱ እንደሆነ በዓይን ይታያል። ወለሉ ሁልጊዜ በዱቄት በተሸፈነበት ፋብሪካ ግን አዲሱን ፍሳሽ ከአሮጌው የሚለይ ሰው የለም።

አሠራሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትና ያልተቋረጠ ክትትል ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል የካይዘንን መንፈስ በሚገባ ይገልጸዋል። በአንጻሩ ከአምስቱ ማዎች የመጨረሻው ማለትም ማዝለቅ ከሌለ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው መፈክር ሳይነሳ ፋብሪካው ወደ ቀድሞ ሁኔታው ሊመለስ ይችላል።

የኃይል አጠቃቀምም በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው። በታመቀ አየር ቧንቧ ላይ የተፈጠረ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ የአየር መጭመቂያውን 3 ኪሎ ዋት ያህል ተጨማሪ ኃይል እንዲወስድ ያደርገዋል። በቀን 24 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ሲሠራ ከ21 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይባክናል። ሳሙናና ውሃ በመቀባት ቀዳዳውን ማግኘት ግን የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ ዱቄትና ስንዴ በአየር ግፊት የሚያጓጉዙት ትላልቅ ማራገቢያዎች ብዙ ኤሌክትሪክ ይወስዳሉ። የማራገቢያው ፍጥነት በ20 በመቶ ሲቀንስ የሚወስደው ኃይል ወደ ግማሽ ያህል ስለሚወርድ፣ ከሚያስፈልገው በላይ በሚሽከረከሩ ማራገቢያዎች ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያ መግጠም ወጪውን በአጭር ጊዜ ሊመልስ ይችላል።

በፓስታና መኮሮኒ ፋብሪካ ደግሞ ከፍተኛ ሙቀት የሚወስደው ማድረቂያው ነው። 30 በመቶ ያህል እርጥበት ያለው ሊጥ ወደ 12 ነጥብ 5 በመቶ መውረድ ስላለበት፣ 100 ኪሎ ግራም ደረቅ ፓስታ ለማግኘት 25 ኪሎ ግራም ያህል ውሃ መትነን ይኖርበታል። ሙቀት የሚያስወጣ በር፣ ሽፋኑ የተላጠ የእንፋሎት ቧንቧና በግማሽ ጭነት የሚሠራ ማድረቂያ ነዳጅ ያባክናሉ። በማድረቅ ላይ እያለ ኃይል ከተቋረጠም ፓስታው ተሰነጣጥቆ ለሽያጭ የማይበቃ ሊሆን ይችላል።

መጨረሻ ላይ የሚመጣው ሚዛን ነው። በ50 ኪሎ ግራም ከረጢት ውስጥ 300 ግራም ትርፍ ዱቄት የሚጨምር ማሸጊያ በሺህ ከረጢት 3 ኩንታል ዱቄት በነጻ ይሰጣል። አጉድሎ መሙላት ደግሞ በሸማቹ ላይ የሚፈጸም ማጭበርበርና በሕግ የሚያስጠይቅ ድርጊት ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ሚዛኑን በየፈረቃው ማስተካከልና ውጤቱን በመዝገብ መያዝ ነው።

ከመጋዘን እስከ ወደብ

ሎጂስቲክስ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት የመኪና ኪራይን ነው። ይሁን እንጂ ወጪ የሚፈጠረው መኪናው ሲሄድ ብቻ ሳይሆን ሲቆምም ነው።

400 ኩንታል የሚጭን ባለተሳቢ ተሽከርካሪ ለብድር፣ ለሾፌርና ረዳት ደመወዝና ለኢንሹራንስ በወር 240 ሺህ ብር ቋሚ ወጪ አለው እንበል። በስድስት ቀን ደርሶ ከተመለሰ በወር አምስት ጉዞ አድርጎ 2 ሺህ ኩንታል ያጓጉዛል፤ በኩንታል የሚያርፈው 120 ብር ነው። በመጫኛ፣ በማራገፊያ፣ በኬላና በሰነድ ምክንያት ደርሶ መልሱ አሥር ቀን ከፈጀ ግን ሦስት ጉዞ ብቻ ያደርጋል፤ የሚያነሳው 1 ሺህ 200 ኩንታል፣ በኩንታል የሚያርፈው ወጪም 200 ብር ይሆናል። መንገዱ አልረዘመም፤ ነዳጁም አልጨመረም። የጨመረው የቆመበት ጊዜ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር መኪናው በቆመበት በእያንዳንዱ ቀን በአንድ ኩንታል ላይ 20 ብር ይታከላል።

ፋብሪካው በራሱ ግቢ ውስጥ ይህን ወጪ ሊቀንስ ይችላል። ለጭነት መኪኖች የቀጠሮ ሰዓት መስጠት፣ ማራገፊያውን ከመጫኛው መለየት፣ ከረጢቶችን በእንጨት ርብራብ ላይ ደርድሮ በሹካ ማንሻ ማንሳት ወረፋን ያሳጥራሉ። ባዶ ጉዞን ማስቀረትም ተመሳሳይ ጥቅም አለው። ስንዴ ያመጣ መኪና ሲመለስ ዱቄት ወይም ፉርሽካ ይዞ ቢሄድ፣ የአንዱ ጉዞ ወጪ ለሁለት ጭነት ይከፈላል። ፉርሽካውን ለወተት ላም አርቢዎችና ለመኖ አዘጋጆች በስንዴ አምራች አካባቢዎች ለማቅረብ የሚደረግ ስምምነት ለዚህ ይረዳል።

ከውጭ የሚገቡ ግብዓቶች ጉዳይ ከፋብሪካው ግቢ ያልፋል። ከአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚተላለፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። በመንገድ ወደ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ወጪውን ለመቀነስ ባለፉት ዓመታት በርካታ እርምጃዎች ተወስደዋል።

ከእነዚህ መካከል በ2004 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የመልቲ ሞዳል ሥርዓት አንዱ ነው። በቀድሞው የዩኒ ሞዳል አሠራር አስመጪው የባሕር ጉዞውን፣ በጅቡቲ የሚፈጸመውን የወደብ ሥራና የየብስ ትራንስፖርቱን በየፊናው ማከናወን ነበረበት። በመልቲ ሞዳል ግን አንድ ኦፕሬተር ዕቃውን ከተነሳበት የውጭ ወደብ እስከ አገር ውስጥ ደረቅ ወደብ ድረስ በአንድ የጭነት ሰነድ ኃላፊነት ወስዶ ያደርሳል። በዚያው ዓመት የባሕር ትራንስፖርት፣ የትራንዚትና የደረቅ ወደብ ሥራዎችን ያከናውኑ የነበሩ ሦስት የመንግሥት ድርጅቶች ተዋህደው የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ተመሥርቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ለግል ድርጅቶች የመልቲ ሞዳል ፈቃድ መስጠት ተጀምሯል።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በታህሳስ 2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው የኢትዮ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም ሌላው አማራጭ ነው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ መስመር በአንድ ጉዞ የበርካታ ከባድ ተሽከርካሪዎችን ጭነት ያነሳል። ሆኖም ባቡር የሚያዋጣው ጭነቱ ብዙና ቋሚ ሲሆን፣ ከጣቢያው እስከ ፋብሪካው ያለው የመጨረሻ ጉዞም አጭር ሲሆን ነው። በየጊዜው ጥቂት ኮንቴይነር የሚያስመጡ መካከለኛ ፋብሪካዎች በጋራ ገዝተው በጋራ ቢያጓጉዙ፣ ብቻቸውን የማያገኙትን የመደራደር አቅም ያገኛሉ።

ርቀትን ለማሳጠር ሌላው መንገድ ፋብሪካውን ወደ ጥሬ ዕቃው ማቅረብ ነው። በቡሬ፣ በቡልቡላ፣ በይርጋለምና በባዕከር የተቀናጁ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች የተቋቋሙት በዚህ አስተሳሰብ ነው። በዙሪያቸው የሚገኙ የገጠር ሽግግር ማዕከላት ምርትን ሰብስበው፣ ለይተውና አጽድተው ለፓርኮቹ እንዲያቀርቡ ታቅዷል። ምርቱ በመሰብሰቢያው ስፍራ ሲበጠር አፈሩና ገለባው እዚያው ስለሚቀር፣ በመኪና የሚጓዘው ለምርት የሚውለው ብቻ ይሆናል።

መቀነስ የሌለበት ወጪ

ሁሉም ወጪ ብክነት አይደለም። ለጥገና የተመደበውን በጀት የሰረዘ ፋብሪካ በወሩ መጨረሻ ትርፍ ያስመዘገበ ይመስላል። በስድስተኛው ወር ሮለሩ ሲሰበር ግን ለአስቸኳይ ግዥ ከተጠራቀመው በላይ ይከፍላል፤ ማሽኑ የቆመባቸው ቀናትም ይታከሉበታል።

ለንጽህና፣ ለላቦራቶሪ ምርመራና ለሠራተኛ ደኅንነት የሚወጣው ወጪም ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው። የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ነገር እንዲበለጽጉ በ2014 ዓ.ም. አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል። የብልጸጋ ድብልቁን በመቀነስ ወይም በመተው ወጪ ቀነስኩ የሚል ፋብሪካ ወጪውን ያዞረው ወደ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች ጤና ነው። ይህ ወጪን ለሌላ ማሸከም እንጂ መቀነስ ሊባል አይችልም።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

እስካሁን ከተዘረዘሩት ወጪዎች አብዛኞቹ በፋብሪካው አመራር እጅ ያሉ ናቸው። የተወሰኑት ግን የሚፈጠሩት ከፋብሪካው ውጭ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ የዕቃ መልቀቂያ ሰነድ ለፊርማ ቀረበ እንበል። ፈራሚው ኃላፊ በስብሰባ ላይ በመሆናቸውና ውክልና ባለመስጠታቸው ሰነዱ ወደ ሰኞ ተላለፈ። በፋይሉ ላይ የሚታየው የቀን ለውጥ ብቻ ነው። ከደረቅ ወደቡ በር ላይ የቆመው ባለ400 ኩንታል ተሽከርካሪ ግን ከላይ በተጠቀሰው ስሌት ለሦስት ቀን በኩንታል 60 ብር፣ በድምሩ 24 ሺህ ብር ይጨምራል። የወደብ ኪራይና የባንክ ወለድ ለብቻው ይታሰባል። ይህን ሂሳብ ፈራሚው ኃላፊ አያዩትም፤ በበጀታቸውም አይመዘገብም። ክፍያው በመጨረሻ የሚወራረደው በዳቦ መሸጫው ነው።

በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት አገልግሎት የንግድ ሰነዶችን በአንድ ሥርዓት ለማስተናገድ ያለመ በመሆኑ ለዚህ ዓይነት መዘግየት አንድ መፍትሔ ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ የሚያፋጥነው ሰነዱን እንጂ ውሳኔውን አይደለም። የውክልና አሰጣጥ፣ የተራ አያያዝና ለእያንዳንዱ አገልግሎት የተቀመጠ የጊዜ ገደብ በየመሥሪያ ቤቱ ካልተከበሩ ወረፋው ከበር ወደ ኮምፒውተር ይዛወራል እንጂ አይወገድም።

ሌሎች ሊወሰዱ የሚችሉ እርምጃዎችም ቀላል ናቸው። የኃይል መቋረጥ ፕሮግራም ካለ ለፋብሪካዎች አስቀድሞ ማሳወቅ ማድረቂያው በሥራ መካከል እንዳይቆም ይረዳል። የተለያዩ ተቋማት ተመሳሳዩን ጭነት በየተራ ከሚፈትሹ በአንድ ቀንና በአንድ ስፍራ ቢፈትሹ ጊዜ ይቆጥባል። በየኬላው የሚቆመው መኪና ለምን ያህል ሰዓት እንደቆመ መመዝገብም መዘግየቱን ከአቤቱታነት ወደ መረጃነት ይለውጠዋል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ስለ እርጥበትና ስለ ማበጠር ለአርሶ አደሩ የሚሰጡት ምክርም ለፋብሪካው ወጪ ቅነሳ የሚያበረክተው ድርሻ አለው።

የወጪ ቅነሳ በአንድ ትልቅ ውሳኔ የሚገኝ ውጤት አይደለም። በመቀበያው በር ላይ የተቀመጠ የእርጥበት መለኪያ፣ በየፈረቃው የሚስተካከል ሚዛን፣ በወቅቱ የተቀየረ ወንፊት፣ ባዶውን ያልተመለሰ መኪናና በዕለቱ የተፈረመ ሰነድ ተደምረው የሚሰጡት ውጤት ነው። እያንዳንዳቸው በኩንታል ጥቂት ብር ቢቀንሱ ድምሩ አንድ ፋብሪካ ሠራተኞቹን ይዞ እንዲቀጥል ወይም በሩን እንዲዘጋ የሚወስን ይሆናል። ለዚህም የመጀመሪያው እርምጃ እያንዳንዱ ባለድርሻ፣ በፋብሪካም ሆነ በመሥሪያ ቤት፣ የእርሱ የሥራ ቀን በአንድ ኩንታል ዱቄት ላይ ስንት ብር እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ ለይቶ ማወቅ ነው።